ወላጅ አምጪ

ወይንሸት ሰው ጠልታ አይደለም ብቻዋን የምትኖረው፤ ሥራዋ ነው ሰው ያራቀባት። ከደብረ ብርሃን ጅማ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታለች። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ናት። ቢሮዋ ድሮ የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበር። በሩ ከሜዳው ፊት ለፊት ስለሆነ እዚያ የገባን ልጅ ተማሪው በሙሉ ያየዋል፤ "ምን ሆኖ ነው?" ይባላል። ታዲያ ማን ይገባል? መምህራኑም ሻይ ሲጠጡ እሷ መጥታ ከተቀመጠች ወሬ ይቀይራሉ። የሰው ገመና የምታውቅ ሴት ታስፈራለች መሰለኝ።

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ነጅላ ገባች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አባቷ ሙሐመድሳኒ ከአጋሮ ወዲያ ቡና አምራች ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች እሷም ለትምህርት ብላ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች። ብቸኝነት እንዳይሰማት ብሎ አባቷ ስልክ ገዛላት። በዚያ ስልክ ፌስቡክ ላይ አንዲት "ተማሪ" ተዋወቀቻት፤ ስታጫውታት ከረመች፤ እህት ሆነች። ከዚያ "ፎቶ ላኪልኝ" መጣ፤ ቀጥሎም ለማንም የማይላክ ዓይነት ፎቶ። በመጨረሻ እህት የተባለችው ጎልማሳ ወንድ ሆና ተገኘች። "ያልኩሽን ካላደረግሽ ለአባትሽ እነግራለሁ" አላት።

ወይንሸት በደንብ ሰማቻት። አልጮኸችም፤ "ምን ቆርጦሽ ነው?" አላለችም። መልእክቱን እንዳታጠፊው፣ መልስም አትስጪው፣ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን አለቻት። እስከዚህ ድረስ እሰየው! ቀጥላ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ደንቡ ወላጅ ይወቅ ስለሚል መሳቢያዋን ከፍታ የወላጅ መጥሪያ ወረቀት አወጣች። ያቺን ወረቀት የማያውቅ ተማሪ የለም። መስኮት ለሰበረ፣ ለተደባደበ፣ ለኮረጀ የምትሰጥ ናት፤ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤቱ የለውም። ማኅተም መታችባትና "ወላጅ ይዘሽ ነይ" አለቻት። ነጅላ በሁለት እጇ ተቀብላ "እሺ ቲቸር" ብላ ወጣች።

ረቡዕ ቀረች። ሐሙስም ቀረች። ሐሙስ ከሰዓት ወይንሸት መሳቢያዋን ስትከፍት የቀሩትን ወረቀቶች አየችና "ውይ በሞትኩት! ምን ነካኝ?" አለች። ለተበደለች ልጅ የአጥፊ ወረቀት! ስትጮህ እንኳ "ምን ሆንሽ?" የሚላት ሰው አልነበረም።

በባጃጅ መንደራ ቆጪ በረረች። የነጅላ አከራይ እትዬ ጣይቱ "ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣችም፤ እህል አልቀመሰችም። ኧረ ምን አገኛት?" አሉ። ወይንሸት ገለል እንዲሉላት ለምና በሩ ሥር ቆመች።

"ነጅላ፣ ያን ወረቀት ልሰጥሽ አይገባም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

ከውስጥ የነጅላ ድምፅ መጣ። "አባቴ ካወቀ ከትምህርት ያስወጣኛል።" ቀጥላም፣ "እርስዎ ይንገሩልኝ ቲቸር። እኔ አልችልም።"

አርብ ጠዋት ወይንሸት ወደ አጋሮ ሚኒባስ ተሳፈረች። እንዲህ ያለ ነገር ለአባት በምን አፍ ይነገራል? አንድ የሚመክራት ሰው አማራት። አማካሪን ደግሞ ማን ያማክራል? መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ለብቻው ሲንቀሳቀስ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ትጸልያለች ብሎ ዝም አላት።

ሙሐመድሳኒ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሲያገላብጥ አገኘችው። ኦሮምኛዋ ስብርባሪ ነው፤ ቢሆንም ዋናውን ነገር በሱ ቋንቋ መጀመር ፈለገች። "ኢንታልቲ ኬሳን በሌሳ ሂን ቀብዱ፤ ልጅዎ ጥፋት የለባትም" አለችና የቀረውን በአማርኛ ነገረችው። ጩኸቱን ስትጠብቅ እሱ እጁን ከቡናው ላይ አነሳ።

"አውቃለሁ መምህርት" አለ። "ሰውየው ደውሎልኛል። ወር አለፈው። የሚለውን ስሰማ ዘጋሁበት።"

"ወር?"

"ወላሂ፣ ለእናቷም አልተነፈስኩም። ነጅላ ማወቄን ካወቀች ታፍራለች፣ ዓይኔን ማየት ያቅታታል ብዬ ፈራሁ። ዝም ካልኩ ያልፋል አልኩ። ቁጥሩ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።"

ወይንሸት ነገሩ ገባት። ልጅቷ የምትፈራው ነገር ሆኖ ካለፈ ወር ሞልቶታል፤ የነገራት ግን የለም። ለዚህ ምን ይባላል? "ቁጥሩን እንዳያጠፉት፤ ለፖሊስ ይዘን እንሂድ" ብቻ አለችው።

ከሰዓት መንደራ ቆጪ ደረሱ። ሙሐመድሳኒ ደጃፉ ላይ ቆሞ "ነጅላ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ። አልተቆጣሁም። ትምህርትሽንም ማንም አይነካብሽም። ነገሩን እንደሆነ ከሰማሁ ወር ሆኖኛል" አለ።

በሩ ተከፈተ። ወይንሸት፣ ልጅቷ ትጠመጠምበታለች ብላ ጠብቃ ነበር። ነጅላ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"ከወር በፊት?"

"አዎ ልጄ።"

"አባ፣ ያለኝን ሁሉ እሺ ስለው የከረምኩት እኮ አንተ እንዳታውቅ ብዬ ነው። ይሄን ወር በሙሉ።"

ሙሐመድሳኒ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ነጅላ ቆማ አየችው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አልነካችውም።

"ፖሊስ ጣቢያ ስገባ" አለች፣ "አብረኸኝ ትገባለህ?"