ሙሄ የታቀፋቸው እንቁላሎች

ሙሄ በአማቱ ፊት ያን ቃል ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ምላስ መያዝ የሚባል ነገር ሲፈጥረውም አልነበረው፤ ተናገረ።

ጣሊያን ሮቢት ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ወንዱን ለድንጋይ ፈለጣ፣ ዶሮውን ለድስት ይሰበስባል። በይፋት ቆላ አውራ ዶሮ የሚባል ከመጥፋቱ የተነሣ የመስጊዱ ሙአዚን ራሱ ለሱብሂ ሶላት እያረፈደ ይነሣ ጀመር። የሙሄ አማት እትዬ ከዲጃ ማጀቴ በምትባለው አገር በዶሯቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ከእናታቸው የወረሷቸው፣ አንገታቸው መላጣ፣ እንቁላላቸው ትልልቅ፣ የቆላ ሙቀት የማይበግራቸው ዶሮዎች ነበሯቸው። ወታደሮቹ አንድ ቀን መጡና አውራውን ሳያስቀሩ ጠራርገው ወሰዱ። የተረፈው ጎተራ ሥር ተደብቆ የተገኘ ዘጠኝ እንቁላል ብቻ ነው።

እትዬ ከዲጃ እንቁላሉን በጭድ ጠቅልለው፣ ታቅፈው፣ ከማጀቴ ሮቢት ድረስ መጡ። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ዶሮ አልቆበታል፤ የቀረችው የሙሄ ቄብ ብቻ ናት። እሷም የቀረችው ኮሽ ባለ ቁጥር ቁርቁራ ዛፍ ላይ ስለምትወጣ ነው። ሙሄ ሱልጣና ብሎ ስም አውጥቶላታል።

«ይቺ?» አሉ እትዬ ከዲጃ ቄቧን ከላይ እስከ ታች አይተው። «ይቺማ ገና ለጋ ናት። ታቅፋ አታውቅ፤ ጥላቸው ትሄዳለች።»

«እንዲህ አይበሉ እትዬ!» አለ ሙሄ ደረቱን ነፍቶ። «ሱልጣናን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ዋሷም እኔ ነኝ። ወላሂ፣ እሷ ካልፈለፈለች እኔ እፈለፍላለሁ!»

እትዬ ከዲጃ አልሳቁም። «ሰምተሻል ሐጂራ» አሉ ለልጃቸው። መብረቅ እንቁላሉን እንዳያበላሸው አንድ ሚስማር ጭዱ ውስጥ ሸጎጡ፣ ቢስሚላህ ብለው እንቁላሉን ደረደሩና ወደ ማጀቴ ተመለሱ።

ሱልጣና መጀመሪያ እንቁላሉን ትታ አጠገቡ የነበረውን ሽንኩርት ታቀፈች። ሐጂራ ሽንኩርቱን ቀማቻት። ቀጥላ እንቁላሉ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ቆማም አመሸች። በማግሥቱ ምን እንደታያት እንጃ፣ ቁጭ አለች። አንዴ ከተቀመጠች ደግሞ የቀረባትን ሁሉ ትነክሳለች። ሙሄ በኩራት አበጠ፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ «እናት ማለት ይቺ ናት!» እያለ አሳየ።

ጎረቤት ለመጥራት ጊዜ ነበረው። ንዳድ ይዞኛል ብሎ ከድንጋይ ፈለጣው ቀርቶ መደብ ላይ ተኝቷል። እውነቱን ለመናገር ንዳድ አልያዘውም፤ ድንጋይ ሲያይ ነው የሚያንቀጠቅጠው።

ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ጣሊያኖቹ ከተራራው ሥር ደማሚት አፈነዱ። ቤቱ ተናወጠ፤ ማሰሮው ተንቀጫቀጨ። የእትዬ ከዲጃ ሚስማር ለመብረቅ እንጂ ለደማሚት የተዘጋጀ አልነበረም። ሱልጣና ጮኻ ተነሣች፣ የሙሄን ግንባር ረግጣ በበሩ ወጣችና ቁርቁራው ጫፍ ላይ ሰፈረች። ማሽላ በተኑላት፤ አልወረደችም። ሐጂራ ዛፍ ላይ ወጥታ አውርዳ መለሰቻት፤ እንደገና በረረች።

ሐጂራ አንዱን እንቁላል አንሥታ በበሩ ብርሃን አየችው። ውስጡ ይንቀሳቀሳል። «በሕይወት አሉ» አለችና እንባዋ መጣ። «የእናቴ የመጨረሻ ዶሮዎች ናቸው ሙሄ። በርዶባቸው ሊሞቱ ነው።»

ሙሄ ሚስቱ ስታለቅስ አንጀቱ አይችልም። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ።

ሐጂራ እንባዋን ጠረገች። «አንተ እንደሆነ ተኝተሃል» አለችው።

«ምን ለማለት ነው?»

«እሷ ካልፈለፈለች እኔ እፈለፍላለሁ ብለሃል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ወንድ ነኝ እኮ!»

«እንቁላሉ መች ያውቃል?»

ሙሄ በጀርባው ተንጋለለ። ሐጂራ እንቁላሎቹን በጥጥ ጠቅልላ ሆዱ ላይ ደረደረች፣ በራሷ መቀነት ዙሪያውን አሰረችለት፣ ጋቢም አለበሰችው። ከዚያ ወዲያ የሙሄ ኑሮ ኑሮ አልነበረም። መሳል ክልክል፣ መሳቅ ክልክል፣ መገላበጥማ የማይታሰብ። ጠዋትና ማታ ሐጂራ መቀነቱን ፈትታ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች፣ ታጎርሰዋለች፣ መልሳ ታስራለች። ሲውል ሲያድር ጠባዩ ተለወጠ። ሷሊሕ የሚባለው ጎረቤቱ በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቶ መደቡ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ «ተነሥ ከዚህ!» ብሎ ጮኸበት። ብቻውን ሲሆን ደግሞ እንቁላሎቹን ያዋራቸዋል። ስለ ማሽላው፣ ስለ ጭልፊት፣ አያታቸው እትዬ ከዲጃ ምን ያህል ክፉ ምላስ እንዳላቸው ይነግራቸዋል። እውነቱን ልናገር፣ ወዷቸዋል።

የካምፑ ሰዎች የሙሄ ንዳድ ረዘመባቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጣሊያኑ ሐኪም አንድ ወታደርና ለማ የሚባል አስተርጓሚ አስከትሎ ገባ። ጋቢውን ቢገልጠው የሙሄ ሆድ እንደ ቆጥ ጎርብጧል። ሐኪሙ ሊጫነው እጁን ሲሰድ ሙሄ ሳያስበው ነከሰው።

ሐኪሙ ወደ ኋላ ዘለለ። ተጠግቶ መዳሰሱን ተወና የልብ ማዳመጫ ቱቦውን ከሩቅ ዘርግቶ ሆዱ ላይ አሳረፈ። በዚያች ቅጽበት አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን ይወቅር ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ቱቦውን ከጆሮው አወጣ፣ አራገፈው፣ ነፋበት፣ መልሶ ሰካው። «ጪው፣ ጪው» አለው የሙሄ ሆድ።

«መቼ ጀመረህ ይልሃል» አለ ለማ።

«ሳምንት አልፎኛል» አለ ሙሄ። ንዳዱን ዋሽቷል፤ በዚያ ላይ ሌላ ውሸት ለመጨመር አላህን ፈርቷል።

«ያምሃል ወይ?»

«አያመኝም። ሲንቀሳቀሱ ይኮረኩሩኛል።»

«ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

ለማ የደብረ ሲና ገበሬ ልጅ ነው፤ የጫጩት ድምፅ አይጠፋውም። ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ቃል ሳያጎድል ተረጎመ። ሐኪሙ በሽታው ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ከጓዳ በኩል ሐጂራ መለሰች፦ «ከማጀቴ፣ ከእናቴ ቤት ነው የመጣው። እዚያ የቀረውን ግን ወታደሮቻችሁ ጠራርገው በልተውታል።»

ይህ ሲተረጎም በር ላይ የቆመው ወታደር ጠመንጃውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ ሆዱን ያዘ። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደወጣ አልታወቀም። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ ኖራ ተቀባ፤ ማንም ወደዚህ ቤት አይጠጋ ተባለ። ይህን የሰሙ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ከድንጋይ ፈለጣ ሸሽተው የሙሄ ግቢ ገቡ። ጣሊያን የማይደርስበት ቦታ ሌላ የት ይገኛል?

ጫጩቶቹ በዚያው ዕለትና በማግሥቱ ሙሄ ሆድ ላይ ተፈለፈሉ፤ ዘጠኙም። ሙሄ እያንዳንዷን በመዳፉ ይዞ እስክትደርቅ እፍ አለባት። ድምፃቸውን የሰማችው ሱልጣና ግን ከቁርቁራው ወረደች። ላባዋን ነፍታ እየተንጎማለለች ገባች፣ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከክንፏ ሥር ሰበሰበች፣ ሙሄን ገልመጥ አድርጋው እየመራቻቸው ወጣች።

እትዬ ከዲጃ ቀኑን ቆጥረው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ቄቧ በወንዶቹ መካከል መላጣ አንገት ጫጩቶቿን አስከትላ ስትጭር አዩና እዚያው አፈር ላይ ተንበረከኩ። «የእናቴ ዶሮዎች!» ብለው አለቀሱ። «አልሐምዱሊላህ! ሱልጣና፣ ሰደብኩሽ፤ አፉ በይኝ ልጄ። እንዳንቺ ያለ እናት አላየሁም።»

ሙሄ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰማ። ዝም ቢል ያሸነፈው እሱ ነው፤ ዋስ የሆነላት ቄብ ተመሰገነች። ቢናገር ደግሞ ወንድነቱ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት አለቀለት። ስለዚህ ምራቁን ዋጠ።

«አንተስ?» አሉት አማቱ ቀና ብለው። «ይቺ ፍጡር ይህን ያህል ስትለፋ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ተኝቶ ነው የከረመው» አለ ሷሊሕ።

ይህንንም ዋጠ። ከጫጩቶቹ ትንሿን ሊያነሣ ጎንበስ ቢል ግን ሱልጣና መጥታ እጁን ነከሰችው። ይህንን አልቻለም።

«እሷ አይደለችም!» ብሎ ጮኸ። «እሷማ ዛፍ ላይ ነበረች! የታቀፍኳቸው እኔ ነኝ! በሆዴ! እኔ ነኝ የፈለፈልኳቸው!»

ወንዶቹ በሣቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እትዬ ከዲጃ ብቻ አልሳቁም። ተጠግተው ጋቢውን ገለጡ፤ የልጃቸው መቀነት አሁንም ወገቡ ላይ ነው።

«ማን አገላበጠልህ?» አሉት።

«ሐጂራ። ጠዋትና ማታ።»

«ስትበላስ?»

«ታጎርሰኛለች።»

«ወደ ውጭ መውጣት ሲያምርህስ?»

«እትዬ!»

«እሺ፣ ይቅር» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ለመጀመሪያ ጊዜህ ደህና ታቃፊ ወጥቶሃል። ካራቆሬ ያለችው እህቴ ለካ ከአውራ ጋር የደበቀቻት አንዲት ዶሮ አለቻት፤ ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም። በሚመጣው ሳምንት አሥራ አምስት እንቁላል አመጣልሃለሁ።»

ሙሄ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ወንዶቹ ሣቃቸውን ገትተው ምን እንደሚል ይጠብቃሉ። ሙሄ ጫጩቶቹን አየ፣ ባዶ ሆዱን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«አሥራ አምስት ሆዴ አይችልም እትዬ» አለ። «አሥራ ሦስት ይሁን።»