መረቅ የፈሰሰበት የዲኗ ጫማ

…ቀዳዳ፣ ለካስ ቀዳዳ አለው፣ ጠረጴዛ ሆኖ ቀዳዳ፣ አርዲት ስቲድሃም አፏን እንደከፈተች ታያለች፣ የመረቁ ጎድጓዳ ሳህን ነጩን ጨርቅ እየጎተተ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ዘመዶቹን ሁሉ ተሰናብቶ እንደሚሄድ ሰው፣ አይቸኩልም፣ ከዚያ ዷ፣ የዶክተር ኦሌታ ሳይዝሞር ጥቁር ጫማ መረቅ ለበሰ። ግራውም ቀኙም።

አለቀልሽ አንቺ አርዲት።

ለሕክምና ትምህርት ቤታችን መሥራች ዲንነት የታጩት አራት ነበሩ፣ አንዱ ገና ድልድያችንን ሲያይ መኪናውን አዞረ፣ እስከ ዛሬም እየነዳ ይሆናል፣ ሁለተኛው ሚስቴን ላማክር ብሎ ሄደ፣ ምን እንዳለችው ከመቅረቱ ታወቀ፣ ሦስተኛው ሰውዬ ምስል በግድግዳ ላይ ሲያሳየን ውሎ፣ ግማሹን ኮሚቴ አስተኝቶ፣ ሌላ ከተማ ተቀጠረ፣ የቀረችን ይቺ ናት፣ የኦስቲዮፓቲ ሐኪም፣ መርፌውንም ቢላውንም እንደ ሌላው ሐኪም ተምራ፣ በዚያ ላይ አጥንትና ጅማትን በእጇ ዳስሳ የምታነብ፣ መዳፏ የአናጢ መዳፍ፣ እሷን ነው እንደ ድንች በመረቅ ያራስናት። የፈቃድ ሰጪዎቹ ደብዳቤ በአርዲት ልብ ይነበነባል፣ የመሥራች ዲኑ ሹመት ዛሬ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ካልደረሰን የሕክምና ትምህርት ቤቱን የመክፈት ፈቃድ ጥያቄ መዘጋቱን በአክብሮት እናሳውቃለን። በአክብሮት። ሰው በአክብሮት ሲቀበር እንዲህ ነው። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል።

ጠረጴዛውን ማን አመጣው፣ አንቺ። ለትምህርት ቤቱ በስጦታ የመጣ፣ እግሩ የሚታጠፍ፣ ላዩ ለስላሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ድስታቸውን ተሸክመው ሲደርሱ ማስቀመጫ ጠፋ፣ ይኸውላችሁ አልሽ፣ ጨርቅ አለበስሽው፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ አንድ ሻለቃ ጦር በልቶ ለፈረሱ የሚያተርፈው። እዚህ ተራራ ላይ እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም፣ በባዶ ሆድ የተሰጠ መልስ አይታመንም።

ቀዳዳው ፊት የሚገባበት ነው ብዬሽ ነበር፣ ይላል ክሎቪስ፣ የባሏ ወንድም፣ የኮሚቴው አባል፣ የወረዳው አንደኛ አፈኛ፣ ሰው ሲታከም በሆዱ ተኝቶ ፊቱን የሚከትበት ነው አልኩሽ፣ አንቺ መረቅ ከተትሽበት።

ይህን ሲል እንኳ አያያትም። ሐኪም ያለው ሰባ ማይል ርቆ ነበር፣ ቨርጂል ባሏ ደረቱን ይዞ፣ መኪናው ውስጥ ከክሎቪስ በስተቀኝ ተቀምጦ፣ ንዳ ንዳ እያለው፣ ሦስተኛው ድልድይ ላይ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ፣ ክሎቪስ ዞር ብሎ አየው፣ ያ መጨረሻው ነው፣ ስድስት ዓመት ሆነ የክሎቪስ አንገት ወደ ቀኝ አልዞር ካለ፣ አርዲት ደግሞ ሁሌም የምትቀመጠው በቀኙ ነው፣ መኪናም ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ስብሰባም፣ ሰውየው ስድስት ዓመት ሙሉ እሷን ሲሰድብ የሚያየው ግድግዳውን ነው። እኔ ዲን ምን ያደርግልኛል፣ ሰባውን ማይል ነው ማሳጠር የፈለግኩት፣ የሌላ ሴት ባል ድልድይ ላይ እንዳይቀር፣ ሌላ ምንም።

ተናገሪ። ይቅርታ በዪ።

ዶክተሯ ጎንበስ ትላለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ሄደች በቃ፣ በባዶ እግሯ ልትሄድ ነው፣ አይ፣ የጨርቁን ጫፍ ገልጣ ከሥር ታያለች፣ ሳህኖቹን አንሱልኝ እስቲ፣ ትላለች። ሴቶቹ ያነሳሉ፣ ቦሎቄው ወደ መስኮት ይሰደዳል። እርስዎ፣ ትለዋለች ክሎቪስን፣ ከገባሁ ጀምሮ አያለሁ፣ አንገትዎን ሳይሆን መላ ሰውነትዎን ነው የሚያዞሩት፣ ይምጡና ይተኙ።

የዶሮው ቦታ ላይ?

የዶሮው ቦታ ላይ። አልጠብስዎትም።

ይተኛል፣ ያ ተራራ የሚያህል ሰው፣ ጠረጴዛው ያቃስታል፣ ፊቱ በቀዳዳው ይገባል፣ የዶክተሯ ጣቶች ማጅራቱ ላይ ያርፋሉ፣ በጨለማ መቀርቀሪያ እንደሚፈልግ ሰው፣ አይጫኑም፣ አይቸኩሉም፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አርዲት ሰዓቱን ታያለች፣ ጣቶቹን ታያለች፣ አጥንቱ ደህና ነው፣ ትላለች ዶክተሯ በለሆሳስ፣ የፈራ አንገት ነው። ማን ነገራት። ማንም አልነገራትም። ያመዎታል? ትለዋለች።

አንገቴ ደህና ነው፣ ይላል ድምፁ ከወለሉ በኩል፣ ግን ፊቴ መረቁ ላይ ነው ያለው፣ ጨው እንዳነሰው ሽታው ያሳብቃል።

ዶክተሯ ትስቃለች፣ ምን መሳቅ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለ በቅሎ ጆሮውን ያቆመ ይመስላል፣ ተማሪዎቼን የመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንኑ ነው፣ ትላለች፣ ሰው ላይ እጅ ከመጫን በፊት ከሥር ምን እንዳለ ማየት።

ተማሪዎቼ። ተማሪዎቻችሁ አላለችም። አርዲት የዶክተሯን ቃል እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ትይዛለች። ይመጣሉ ማለት ነው፣ ዶክተር?

ጫማዬን እስክታጥቡልኝ የት እሄዳለሁ።

የምትደግፉ እጅ አውጡ፣ ትላለች አርዲት ለኮሚቴው፣ መጀመሪያ የሚነሣው የተኛው ሰው እጅ ነው፣ ወደ ኋላ ተጠማዞ፣ እንደ ዶሮ ክንፍ፣ ከዚያ የሌሎቹ አምስት አባላትም። የሹመቱ ደብዳቤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይሄዳል፣ ከፊርማው ጎን የመረቅ አውራ ጣት ታትሞበት፣ ፈቃድ ሰጪዎቹ ከፈለጉ ይላሱት፣ በአክብሮት።

እና ትከሻዋ ይወርዳል። ጆሮዋ ሥር ተሰቅሎ መክረሙን አሁን ገና አወቀች። ራባት፣ ዲን ፍለጋ ከገባችበት ከጥቅምት ጀምሮ ያልራባት ሁሉ አንድ ላይ ራባት፣ የዶሮ እግር ታነሳለች፣ ክሎቪስ ተነሥቶ ተቀምጧል፣ አገጩ ላይ መረቅ፣ አንገቱ ይንቀሳቀሳል፣ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት፣ ለዓመታት እንዳልተከፈተ የበረት በር፣ ወደ ቀኝ፣ እስከ እሷ። ያያታል።

ለካስ አርጅተሻል፣ ይላታል።

ብላ፣ ትለዋለች፣ የዶሮውን ሌላኛውን እግር እየዘረጋችለት። በቀኝ በኩል።