የአሰፋሽ መዥገር

ወይዘሮ አሰፋሽ በዕድሜዋ ያልተባለችው የለም። ቁጡ ተብላለች፣ ንፉግ ተብላለች፣ ባሏ በሞተ በወሩ ድስት ስላማሰለች አንጀተ ደረቅ ተብላለች። ሁሉንም ሰምታ እንዳልሰማች አልፋዋለች። ቅማላም ግን ተብላ አታውቅም።

ማን ብሎ ይላታል! ቡታጅራ ውስጥ ከእሷ ምግብ ቤት የጸዳ ቤት እንደሌለ ጠላቶቿ እንኳ ይመሰክሩላታል። ከመንዝ የመጣችው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከነበረው ባሏ ጋር ነው። እሱ ሲያርፍባት አገሬ ልግባ አላለችም፤ መንገድ ዳር ቤት ተከራይታ ምግብ መሸጥ ጀመረች። ጠረጴዛዋን በአመድ ትፈትጋለች፤ የወጥ ቤት ጨርቋን በየቀኑ ታፈላለች። የከባድ መኪና ሾፌር እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ እሷ ቤት አይቀመጥም። አስተማሪም ይሁን የአውራጃው ሹም፣ ለሁሉም ሕጓ አንድ ነው። ያሟታል፣ ይሰድቧታል፣ በማግስቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ክትፎዋን የቀመሰ ወዴት ይሄዳል?

እንግዲህ በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ «ተስቦ ይዟታል» ተብሎ በሯ የተዘጋው ይህችው ሴት ናት። መስቀል ማለት ደግሞ ለእሷ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሁሉ በመኪና ተጭኖ አገሩ ይገባል፤ መኪናው ሁሉ ቡታጅራ ላይ ይቆማል፤ የወረደው ሁሉ ይበላል። በዚያ ሳምንት ቤቷ ከተዘጋ፣ ያውም በቅማል ስም ከተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ቢከፈትስ ማን ይገባበታል?

ነገሩን ያመጣው በሬ ነው። አሰፋሽ ደላላ አታምንም። ለመስቀል የምታርደውን ሰንጋ እንደ ሁልጊዜው በእጇ ዳብሳ ካልሆነ አትገዛም። ቅቤ የምታቀርብላት ወዳጇ ሰፍያ «ወንድሜ ዘንድ አንድ ሰንጋ አለ፤ ወላሂ እንደሱ ያለ አላየሁም» ብትላት፣ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሁለቱ ተያይዘው ወደ መስቃን ገጠር ወረዱ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሣሩ ጉልበት ያልፋል። አሰፋሽ ሰንጋውን ሻኛውን ጨብጣ፣ ጎኑን ዳብሳ፣ አስኪዳ አስመልሳ፣ ስታማርጥ ከከብቱ መሐል ሳትወጣ ዋለች። መሐል ላይ ሁለቱ ሴቶች ከወንዶቹ ዓይን ራቅ ብለው ቁጥቋጦ ጥግ ሣሩ ውስጥ ቁጭ ብለው ተነሡ። ሌላ ጥፋት አልሠሩም።

ቤቷ ገብታ ልብሷን ስትቀይር ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት፣ ወገቧ ላይ አንድ መዥገር አገኘች። እየለቀመች እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው፤ ከብት ያለበት የዋለ ሰው መዥገር ቢያገኘው ምን ይደንቃል። አንዱ ግን ተደብቆ ሰነበተ። ስትታጠብ በእጇ የዳሰሰችው፣ ከጭኗ በላይ ብሽሽቷ ሥር ተጣብቆ፣ ደሟን ጠጥቶ ሽምብራ ካከለ በኋላ ነው። አሰፋሽም ተናዳ እንደ እሾህ መንጭቃ ነቀለችው። ሆዱ እጇ ላይ ቀረ፤ አፉ እሷው ላይ። አረቄ አፈሰሰችበት፣ አቃጠላት፣ ዝም አለች። ለማን ይነገራል? ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ የማትጠራው ቦታ ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ራሷን እንደ መጥረቢያ ይፈልጣት ጀመር። ትኩሳት መጣ፣ ብርድ ብርድ አላት፤ ጉልበቷ ከዳት። የተነከሰችበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት አወጣ፤ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት አበጠ። ስትራመድ ታነክሳለች፤ «እግሬን ወለም ብሎኝ ነው» ትላለች። በመጨረሻ ሲብስባት ከገበያው በታች አንድ ክፍል ተከራይቶ ሰው ወደሚያክመው ወደ ድሬሰር ፈቃደ ሄደች። ፈቃደ ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ፣ ትሑት፣ ሲናገር ዓይኑን የሚሰብር።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ከራስ ምታቱና ከትኩሳቱ ሌላ የሚሰማዎት አለ?»

«የለም።»

«ቁስል? እብጠት? የነከሰዎት ነገር?»

«የለም አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ?»

ልጁ ደነገጠ። ክንዷን ቢገልጥ ቀያይ ነጠብጣብ አየ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሽፍታ። ሌላ ምልክት የለም ብላዋለች። ምን ይበል? «ተስቦ ይመስላል» አላት፤ ኪኒን ሰጣት፤ ተስቦ ሲገኝ ለበላይ እንዲያስታውቅም ግዴታ ነበረበትና አስታወቀ።

ተስቦን የሚያመጣው ቅማል እንደሆነ ደግሞ ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም።

በገበያው ዕለት ረፋድ ላይ ሽባባው የሚባል ተቆጣጣሪ፣ ባለ መርጫ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የጤና ጥበቃ ነኝ ይላል፤ ማን እንደላከው አሰፋሽ በደንብ አልገባትም። ኮት ለብሷል፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ አካሄዱ ሽፍታ ሊይዝ የመጣ ይመስላል። ተመጋቢዎቹን ከነጉርሻቸው አስወጣ። ፍራሿን፣ አንሶላዋን፣ ነጠላዋን ሳይቀር አውጥቶ መንገድ ላይ ቆለለው፤ የዲዲቲ ዱቄት አስነሰነሰበት። ያ እንደ በረዶ የነጣ አንሶላ! ገበያተኛው ሸክሙን እያወረደ ከበበ። ሽባባው በሩን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ከመስቀል በኋላ ይታያል» አለ።

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» አለች አሰፋሽ። ትኩሳቱ ገና አለቀቃትም፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የቆመችው።

«ወይዘሮ፣ ቅማል ባለበት ቤት ምግብ አይሸጥም።»

«ቅማል? እኔ ቤት?»

ደሟ ፈላ። ሰፍያን ከሰዉ መሐል በዓይኗ ፈልጋ ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደቻት፤ ከአጥሩ ጥግ አስጠግታ ያን የደበቀችውን ነገር አሳየቻት። ሰፍያ አይታ «ያ አላህ!» አለች፤ ፊቷ ልውጥ አለ። ከዚያ ተመልሳ ሽባባው ፊት ቆመች።

«ጌታው፣ መዥገር ነው። በዓይኔ አየሁ። አብረን በሬ ልናይ ሄደን ነው የነከሳት፤ ወላሂ ቅማል አይደለም።»

«የት ነው የነከሳት?»

ሰፍያ መሬት መሬት አየች። ሕዝቡ ሳቀ። ሽባባውም ፈገግ አለ።

«ሴት ለሴት ትመሰክራለች» አለ።

ፈቃደ ሁካታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። አሰፋሽ ዘለለችበት፦ «ይኸው፣ አንተ ነህ ያስዘጋኸኝ! መዥገር ነው የነከሰኝ፤ ንገርልኝ!»

ልጁ ግራ ገባው። «እትዬ፣ ጠይቄዎት የለም ብለውኛል እኮ። ሳላይ እንዴት እመሰክራለሁ? ደግሞ አይጨነቁ፤ መዥገርም ቢሆን የሰጠሁዎት ኪኒን ለሁለቱም ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው።»

«መድኃኒቱ አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ መድኃኒቱ አንድ ከሆነ፣ ከሁለቱ ስም መርጣችሁ ቅማሉን ለምን ሰጣችሁኝ?»

ልጁ ወደ ሽባባው ዞሮ «ቤቱ ይከፈትና ውስጥ ገብቼ ልያት» አለ በትሕትና። ሽባባው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒት የተረጨበት ቤት አይከፈትም፤ ደንብ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ይታያል። ይህን ሲል ከሰዉ መሐል አንድ ድምፅ «ወይ ይቺ! እኛን እጅ ስታስታጥብ፣ ለካ ራሷ ቅማላም ነች!» አለ። ሳቁ ገበያውን ሞላው።

አሰፋሽ ቱግ አለች። ትኩሳቱም፣ ድካሙም፣ ያ ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ጨዋነትም የት እንደገባ አልታወቀም። ግድግዳውን ለቃ ደረጃዋ ላይ ወጣች፤ ቀሚሷን ከነመቀነቷ ሰብስባ እስከ ብሽሽቷ ገለበችው።

«ና!» አለች። «ና እይ!»

አንዲት አሮጊት «ወይ ጉዴ!» ብለው ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ጣሉ። ወንዶቹ ገሚሱ ዞረ፣ ገሚሱ ሊዞር አስቦ ረሳው። ሽባባው አንጋጦ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጆሮው በርበሬ መስሏል።

«ምን ሰማይ ታያለህ? እዚያ ነው እንዴ ቅማሌ ያለው? ፍራሼን በአደባባይ ስትዘረጋ አላፈርክም፤ አንሶላዬን ስታገላብጥ አላፈርክም፤ አሁን ነው ያፈርከው? ልትመረምር አይደል የመጣኸው? መርምር!»

ፈቃደ እየተርበተበተ ጎንበስ አለ። ጥቁሩን ቅርፊት አየ፣ ዙሪያውን የቀላውን አየ፣ ንፍፊቱን በጣቱ ጫፍ ነካ። ቀና ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ።

«መዥገር ነው።»

«ጮክ በል!»

«መዥገር ነው! ተስቦ አይደለም። ቅማል የለባትም!»

ሽባባው ሰማዩን እንዳየ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። አሰፋሽ ቀሚሷን ለቀቀች፤ በሯን ከፈተች፤ ገብታ ከውስጥ ቀረቀረችው። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ያየ የለም፤ እሷም አላለቀስኩም ትላለች።

መስቀል ገባ። ቤቷ ጢም ብሎ ሞላ፤ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ነገር ግን ሰዉ ክትፎውን ሲበላ ዓይኑ ምን ላይ እንደነበር አሰፋሽ አላጣችውም። ሾፌሮቹ ለቤቷ ስም አውጥተውለታል። «መርምር ቤት እንብላ» ይባባላሉ፤ ከቡኢ ከተማ ጀምሮ በመንገዱ ሁሉ ተዛምቷል አሉ። ቅማላም የሚላት ጠፋ። ስሟን ለማዳን ብላ ያደረገችው ነገር ሌላ ስም ሰጣት፤ ይህን ስታስብ አንጀቷ ያርራል። በሽባባው ትናደዳለች፣ በሳቂው ሁሉ ትናደዳለች፣ ከሁሉ አብልጣ ግን በራሷ።

የበዓሉ ግርግር ጋብ ሲል ሰፍያ ቅቤ ይዛ መጣች። ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀመጠች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። አሰፋሽ ሥጋ እየከተፈች የሆዷን ትዘረግፋለች፤ የሾፌሮቹን ነገር፣ የሽባባውን ነገር፣ የዚያን «ቅማላም» ያላትን ሰው ነገር። ሰፍያ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፦

«እኔ የምልሽ፣ ያን ዕለት ድሬሰሩ ሲጠይቅሽ ለምን አልነገርሽውም? እሱ አንድ ሰው፣ አንቺ አንድ ሰው። ማን ይሰማ ነበር?»

አሰፋሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አፍሬ ነዋ!» አለች። «ለአንድ ልጅ ማሳየት አፍሬ፣ ለገበያው ሁሉ አሳየሁት! በይ ሳቂ፤ አገሩ ሁሉ ስቋል፤ አንቺ ብቻ ምን ቀረሽ?»

ሰፍያ ግን አልሳቀችም። እንባዋ መጣ። አሰፋሽ ደንገጥ ብላ ጠጋ አለች፤ ያኔ ነው ከንፈሯ መድረቁን፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጡን ያየችው። ግንባሯን ብትነካት እሳት ነው።

«ምን ሆነሻል?»

ሰፍያ ሻሿን ይበልጥ ወደ ታች ሳበችው።

«ሰፍያ፣ ያ ቁጥቋጦ ጥግ አብረን ነበርን። የት ነው የነከሰሽ?»

ሰፍያ እጇን ጡቷ ሥር አሳረፈች። «ባሌ ሙስተፋ አያውቅም። ሌላ ወንድ ደረቴን አየ ቢሉት… እንዴት ብዬ እነግራለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጓሮ ወስደሽ ያንቺን ያሳየሽኝ ዕለት አይቼ አወቅሁት። የኔም ያው ነበር።»

አሰፋሽ በሬ ሊያዩ የሄዱበትን ቀን መለስ ብላ አሰበች። ከዚያ ገባት። እዚያው ሜዳ የዋሉ ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ተነክሰው፣ ሁለቱም ታመው። ሰፍያ ያን ዕለት ሽባባው ፊት ቆማ «እኔንም ነክሶኛል» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር፣ የት እንደነከሳት እንኳ ሳትናገር፣ ቅማል ብሎ የሚሟገት አይኖርም ነበር። ቀሚሷም ከቦታው አይነሣም ነበር።

«አንዲት ቃል!» ብላ ጮኸች። «ራቁቴን ስቆም እያየሽ! አንዲት ቃል ከአፍሽ ጠፋ? ለምን?»

«አፈርኩ» አለች ሰፍያ።

አሰፋሽ ልትሳደብ የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ያ ቃል የራሷ ነው፤ አሁን በዚህ ቅጽበት ከራሷ አፍ የወጣ። ተናዳለች፤ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ ንዴቷ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሰፍያን ብብቷ ሥር ይዛ አነሣቻት፤ በተመጋቢዎቹ መሐል ለመሐል እያሳለፈች ወደ ድሬሰሩ ይዛት ወጣች። መንገዱን ሁሉ ስትቆጣት ተሰማች፤ እጇን ግን አልለቀቀቻትም።