ሞብሽ እነማን ናቸው?

ኖሪን አንድ ጥያቄ ትፈራ ነበር። በዳርሊንግ ወንዝ አገር የምድሩ ጥንተ ተወላጅ የሆነ ጥቁር ሰው መሰሉን ሲያገኝ ከሁሉ አስቀድሞ "ሞብሽ እነማን ናቸው?" ይላል፤ ወገንሽ ማን ነው ማለቱ ነው። እሷ ግን በሕፃንነቷ በመንግሥት ትእዛዝ ከእናቷ ጉያ ተነጥቃ ነጮች ያሳደጓት ናትና "ከአደላይድ ነኝ" ትላለች። ያ ደግሞ አድራሻ ነው እንጂ ወገን አይደለም። ጠያቂዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ሰው ይዞራሉ።

ለሥራ ባልደረባዋ ቀብር ወንዙ ዳር ወዳለችው ከተማ የመጣች ቀን ግን ማንም አልጠየቃትም። ከቀብር መልስ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት፣ ሁሉ አክስት የሚላቸው ዓይነ ደካማዋ አሮጊት አክስት ማቭ ድምፅዋን ሰምተው "ይቺ የእህቴ የሩቢ ልጅ ናት" አሉ። ሩቢ ልጇን ወስደውባት መንገድ መንገድ እያየች የሞተች ሴት ነበረች። ወዲያው የአክስት ልጅ ነኝ፣ የአጎት ልጅ ነኝ የሚል ሁሉ ከቧት እያገላበጠ ሳማት። የተጠበሰ የካንጋሮ ጭራ በሳህን ቀረበላት። ኖሪን አይደለሁም አላለችም። ዕድሜ ልኩን የተራበ ሰው የቀረበለትን ማዕድ እንዴት ይገፋል?

ድሮ ከብት ነጂ የነበሩት አጎት ክላሪም ጨዋታ ጀመሩ።

"ሞብ የሚለውን ቃል ያመጡት ነጮቹ ናቸው። ባገራቸው ለሁከተኛ ሕዝብ ነበር አሉ የሚሉት። እዚህ መጥተው የበግና የከብት መንጋ መጠሪያ አደረጉት። ከብቱን ስንነዳላቸው እኛንም አብረው ሞብ አሉን። እኛ ደግሞ ቃሉን ወስደን ዘመድ አደረግነው። ያን ሁሉ ሲወስዱብን እኛ የወሰድንባቸው እሱን ብቻ ነው።"

"አንተ መቼ እሱን ብቻ ወሰድክ?" አሉ አክስት ማቭ። "የጌታህን በግ ማን በላው?"

ሳቁ ሲበርድ አሮጊቷ የሩቢን ነገር አነሱ። ሕፃኗ ልትወሰድ ሰሞን እግሯ ፍም ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቷ ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር፤ ሩቢም እስክትሞት "በጠባሳዋ አውቃታለሁ" ትል ነበር።

ኖሪን ሳህኑን አስቀመጠች። የእሷ ቁርጭምጭሚት ልሙጥ ነው። እስቲ አሳዪን ያላት የለም፤ ዝም ብትል የሩቢ ልጅ ሆና መኖሯ ነው። ደግሞ እንዴት አማራት! ግን እውነተኛዋ የሩቢ ልጅም የሆነ ከተማ ውስጥ ለዚያው ጥያቄ መልስ አጥታ ትዞር ይሆናል፤ ኖሪን የሩቢ ልጅ ከሆነች ደግሞ ያቺን ከእንግዲህ የሚፈልጋት የለም።

ጫማዋን አወለቀች። የአሮጊቷን እጅ ይዛ ሁለቱንም እግሯን አስዳሰሰቻቸው። አክስት ማቭ ደጋግመው ዳሰሱ።

"እኔ አይደለሁም፣ አክስቴ" አለች። "ብሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።"

ኖሪን ልትሄድ ጫማዋን ፈለገች፤ የአሮጊቷ እጅ ግን እግሯን አልለቀቀም።

"እንግዲያው ፍለጋችን ሁለት ሆነ፤ የሩቢን ልጅና ያንቺን ሞብ" አሉ አክስት ማቭ። "በይ ብዪ፣ ጭራው ሳይቀዘቅዝ።"