የዓርቡ ድብ

እኛ ትምህርት ቤት፣ እዚህ የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ግሪምስቢ፣ ዓርብ ዓርብ አንድ የጨርቅ ድብ ይሸለማል። የሚወስደው በሳምንቱ ከትምህርት የቀሩ ልጆች ቁጥር ከሁሉም ያነሰበት ክፍል ነው። ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ድብ አንድ ቀን ባሕር ውስጥ ካልወረወርኩት እያልኩ ስዝት ከርሜአለሁ።

የስድስት ዓመቷ ማርኒ ስለምትቀር ክፍሏ ድቡን አግኝቶ አያውቅም። "አንቺ ነሽ ያስነጠቅሽን!" ይሏታል የክፍሏ ልጆች። ለምን እንደምትቀር ግን የጠየቃት የለም። ለቤተሰቦች ድጋፍ ሰጪ ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ ያንኳኳሁት የእነሱን በር ነበር።

"እማዬ ጠዋት ጠዋት ትወድቃለች" አለችኝ በሩን እንደያዘች። "እኔ ከሄድኩ ማን በጎኗ ያስተኛታል?"

እናቷ ጄኒን የሚጥል በሽታ አለባት። ከሁለቱ ሌላ በቤቱ ሰው የለም።

"ሂጂ ስላት እምቢ ትላለች። ምን ላድርጋት ሞይራ?" ብላ አለቀሰች ጄኒን።

ከዚያ ወዲህ ማርኒ ስትወጣ እኔ እየገባሁ፣ መስኮቱ ጋ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ ረፋዱ ጄኒንን እጠብቅ ጀመር። ማርኒ መቅረት አቆመች። ክፍሏም ድቡን ወሰደ። አቅፋው ግቢውን ስትዞር ሳይ ዛቻዬን ረሳሁት።

ወዲያው ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ትዌይት አስጠሩኝ።

"እሰይ፣ ተሳካልሽ! እንግዲህ እዚያ ቤት መመላለሱ ይብቃሽ። ድጋፉ ለሚቀሩ ልጆች ነው።"

"የማትቀረው እኮ እኔ እዚያ ስላለሁ ነው!"

"ሞይራ፣ አታድርቂኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

ማርኒን "ጎበዝ ስለሆንሽ ከእንግዲህ አልመጣም" አልኳት። እንዲህ ያለ ክፉ ሙገሳ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ።

ብዙም ሳትቆይ እንደገና ቀረች። ድቡም ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። አሁን ግን ብቻዬን አልላኩኝም፤ ልጁ ያለ በቂ ምክንያት የቀረበትን ወላጅ ፍርድ ቤት የሚያቆመው ተቆጣጣሪ አብሮኝ ነበር።

ማርኒ በሩን ስትከፍት ፊቷ በደስታ በራ።

"ዛሬ እማዬ አልወደቀችም!" አለችኝ። "ዝም ብዬ ነው የቀረሁት። ከቀረሁ ትመጫለሽ አይደል? ወንበርሽን መስኮቱ ጋ አስጠግቼልሻለሁ።"

ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

"እናትሽን ጥሪልኝ" አላት።