ትርሲት የጾመችው ኪኒን

ትርሲትን ሱባዔ ይዘዋት የገቡት አክስቷ እትዬ አማከለች ድንኳኑ መግቢያ ላይ ለተቀመጡት አዳዲስ ለቀስተኞች እንደገና ይተርካሉ፦ ትርሲት በፍልሰታ ሱባዔ፣ ጠበሉ አፋፍ ላይ፣ ጾሟን ሳትገድፍ እንዳረፈች፤ እንዲህ ያለ ሞት ለስንቱ እንደማይገኝ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ታላቅ እህት የምሥራች ከቀብሩ ጀምሮ ይህን ወሬ ጥርሷን ነክሳ ሰምታዋለች፤ ዛሬ በሠልስቱ ግን መታገሥ አቃታት።

ምን ዕረፍት አለና! አብረዋት ሱባዔ የገቡት ነግረዋታል። የሚጥል በሽታዋ ተነሥቶባት፣ አንዱ መጣል ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ፣ አረፋ እየደፈቀች፣ በዚያ ብርድ እርጥብ መሬት ላይ እየተንፈራገጠች ነው የሞተችው። ምክንያቱንም የምሥራች ታውቀዋለች። ትናንት ነጠላ ፍለጋ የአክስቷን ሳጥን ስትከፍት የትርሲትን ኪኒን አገኘችው፤ አንድም አልተነካም።

ትርሲትን ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላት ነበር። አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ከተቃጠለ ወዲህ ውኃ ቅጂልኝ፣ ልጅ ያዥልኝ የሚላት ሰው ጠፋ። በኋላ የምሥራች መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረቻት። ፌኖባርቢታል የሚሉት ኪኒን ታዘዘላት፤ ጧትና ማታ እንድትውጥ፣ በምንም ምክንያት በድንገት እንዳታቋርጥ አስጠነቀቋት። መጣሉ እየራቀ ሄደና ተዋት። አንድ ቀን ጎረቤታቸው እየሩስ ሕፃን ልጇን አሳቀፈቻት። ትርሲት ማመን አቅቷት ልጁ እንዳይነቃባት ሳትነቃነቅ ዋለች፤ እግሯ ደንዝዞ ሰው ደግፎ አስነሣት። ያን ቀን እንደሳቀችው ሳቅ የምሥራች ከእህቷ ሰምታ አታውቅም።

የምሥራች ራሷም ያው በሽታ አለባት። ከተዳረች በኋላ ነው የጀመራት። ይህን የሚያውቁት ባሏ አቶ ይታየውና ትርሲት ብቻ ነበሩ። አማቷ ቢሰሙ በዚያው ቀን ጓዟን እንደሚያስጭኗት አትጠራጠርም፤ ስለዚህ ኪኒኗን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝና ጓዳ ገብታ ያለ ውኃ ትውጣለች። ዛሬ ጧት ግን ጓዳው በሰው ተሞልቶ ሳትውጥ አርፍዳለች። አማቷ ደግሞ አጠገቧ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

የቤቱ የንስሐ አባት አባ ኪዳነ ወልድ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ ሲነሡ የምሥራች አስቆመቻቸው።

«አባ፣ መድኃኒት ጾም ያስገድፋል?»

«አያስገድፍም ልጄ። በሽተኛ መድኃኒቱን ይውሰድ። ከጠበልም ጋር አይጣላም።»

«ይህን መቼ ነግረውን ያውቃሉ?»

«የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ወተት ስለ መከልከሉም ጾም ስለሚፈታበት ሰዓትም ማንም ሳይጠይቅዎ ዐውደ ምሕረት ላይ ያስተምራሉ። ይህችን አንዲት ቃል ቢጨምሩባት ኖሮ እህቴን አልቀብርም ነበር።»

አባ መስቀላቸውን ጨብጠው አንገታቸውን ደፉ። እትዬ አማከለች ጣልቃ ገቡ።

«ኪኒኗን የደበቅኩት ለነፍሷ ብዬ ነው» አሉ። «ጾሟን ይዛ እንድትቆርብ፣ በጠበሉ እንድትድን ብዬ።»

«ኪኒኔን ስጡኝ አላለችዎትም?»

አክስቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ለምናኝ ነበር። ፈተና ነው፣ ቻይው አልኳት።»

ከሁሉ ይልቅ ይህ የምሥራችን አቃጠላት። ትርሲት የሚመጣባትን እያወቀች ለምናለች ማለት ነው። ለምና የተከለከለችውንም ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ ጾም እያሉ ሲያወድሱት ሰነበቱ። አማቷን ዞራ አየቻቸው። ጓዟ ይጫን፣ ትዳሯም ይፍረስ። መቀነቷን ፈታች።

«ይህ የኔ ኪኒን ነው» አለች ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «እሷን ይጥላት የነበረው እኔንም ይጥለኛል። ደብቄ ነበር የምውጠው። ከእንግዲህ አልደብቅም። እትዬ አማከለች፣ ውኃ ያምጡልኝ።»

ፍልሰታ ገና አልተፈታም፣ የዕለቱ ቅዳሴም አልተገባም፤ ሰው ሁሉ ምራቁን እንኳ እየሰሰተ የሚውጥበት ሰዓት ነው። እትዬ አማከለች ተነሥተው ወጡና በጣሳ ውኃ ይዘው ተመለሱ። ጣሳው ሞልቶ ውኃው መንገድ ላይ ተንጠባጠበ። የምሥራች አላገዘቻቸውም። ኪኒኗን በመዳፏ ይዛ እስኪደርሱ ጠበቀቻቸው፤ ዋጠች፤ ጣሳውንም እጃቸው ላይ መለሰችላቸው።

አማቷ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከአጠገቧ ፈቀቅ አሉ። ሰውም አየ።

ያኔ እየሩስ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። የምሥራች አማት በለቀቁት ቦታ ተቀመጠችና የተኛ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ የምሥራች ጭን ላይ አኖረችው። የምሥራች በንዴት ጨብጣው የቆየችውን እጇን ቀስ ብላ ዘረጋችው። ከዚያ ልጁን አቀፈችና ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።