የሂዳያ ሻርፕ

«ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በሉልኝ፤ ባነሩ አልታየም» አለ ፍቅረሥላሴ፣ ስልኩን ለቀስተኞቹ ላይ ደግኖ።

ሴቶቹ ተያዩ። በዐረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ ሰፈር፣ የሟቿ የሂዳያ ምድር ቤት ውስጥ ለቅሶ ላይ ናቸው። ሰውየው የእርዳታው ፕሮጀክት አስተባባሪ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ያጽናችሁ» እንኳ ሳይል፣ ባነር ሊሰቅል መጣ።

ኮኮቤ ከፍራሹ ጥግ አልተነሳችም። የሂዳያን ቡናማ ሻርፕ በፌስታል ቋጥራ ጉያዋ ውስጥ ይዛለች። ጠረኑ እንዳይወጣባት ብላ ማንንም አታስነካም። እሷና ሂዳያ ከአንድ አሠሪ ማዳም ቤት አብረው ጠፍተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ አብረው የኖሩ ናቸው። ከጓዳ የሂዳያ ልጅ፣ ትንሿ ሪሀና፣ ታለቅሳለች። እናቷ ልቧ ቀጥ ብሎ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ነገ ልጄን የት ላድርገው?» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ፋጡ፣ በሹክሹክታ። «ማዳሜ ከዛሬ ሌላ አልፈቀደችልኝም።»

ሂዳያ ብትኖር ይህ አይጠየቅም ነበር። የሰው ቤት ሠራተኞች ጎህ ሲቀድ ልጆቻቸውን እዚሁ ምድር ቤት አምጥተው የሚሰጡት ለሷ ነበር። እናትየዋ የለበሰችውን ሻርፕ ትቀበልና ልጁን እሱ ላይ ታስተኛው ነበር። «የእናቱ ጠረን ካለ ሕፃን አይባንንም» ትል ነበር።

አንድ ቀን ገንዘብ ተገኘ ተባለ። የሕዝብ ገንዘብ፣ አንድ የውጭ መንግሥት ለሕፃናት ትምህርትና ለቤተሰብ ድጋፍ የመደበው። ሂዳያ እልል አለች፤ ለቤት ኪራይና ለአንዲት ሞግዚት ደሞዝ ይሆናል ብላ። ምን መጣ? ባነር መጣ። ለልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ መጣ። ፍቅረሥላሴ ሻርፖቹን «ንጽሕና የጎደላቸው» ብሎ በጆንያ አስወጣቸው። ደግሞ «ከልጅ ጋር የመጫወት ጥበብ» የሚሉትን ሥልጠና ማር ሚካኤል ሆቴል ውስጥ አዘጋጀ፤ ማክሰኞ ቀን! እናቶቹ የሰው ልጅ ሲያጥቡ እሱ ባዶ ወንበር አሠለጠነ። ሂዳያ ስቃ ስቃ ሻርፖቹን ከጆንያው መልሳ አወጣቻቸው።

«እህቴ ኮኮቤ» አለ አሁን ጎንበስ ብሎ፣ «ኃላፊዋ ስላረፈች ፕሮጀክቱ ኸላስ፣ ይዘጋል። የመዝጊያ ፎቶ ብቻ ነው የቀረን።»

«ገንዘቡ የሕዝብ አይደል? ለኪራይና ለሞግዚት ስጡና ቤቱ ይከፈት። ሥልጠናውንም እሑድ፣ እናቶቹ ሲያርፉ አድርጉት። ሌላ ምን ጠየቅናችሁ?»

«እሱ እንኳ በጀት ውስጥ የለም።»

«ባነሩ ግን አለ! ያላ፣ ጠቅልለህ ውጣልኝ። በቁሟ ያልደረስክላትን ሴት በሞቷ አትነግድባትም!»

ባነሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

ሪሀና እንደገና ጮኸች። ፋጡ የፕሮጀክቱን ብርድ ልብስ ብታለብሳት በእግሯ ገፈተረችው። ኮኮቤ ጓዳ ገብታ ልጅቷን አየቻት። ፌስታሉ ከተፈታ ጠረኑ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

«ፋጡ፣ ነገ ልጅሽን አምጪው» አለች። «እኔ ሥራ አልሄድም። ሻርፕሽን እንዳትረሺ ብቻ።»

ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና፣ የሂዳያን ሻርፕ ከሪሀና ጉንጭ ሥር አነጠፈችው።